ከኤሲው የሚንጠባጠብ

የድሬ ውሃ ኖራ ነው።
ማንቆርቆሪያዬን ብትከፍቱት፣ ግድግዳው ድንጋይ አብቅሏል፤
እኔ ስጠጣው ኖሬያለሁ፣ ኩላሊቴም ጠጠር ለምዷል፤
እሷ ግን ሁለት ሳምንት ብትጠጣው፣ ቅጠሏ ጠቁሮ ይሞታል።

እሷ ማለት፣ በእርጎ ጣሳ መስኮቴ ላይ የተቀመጠች፣
አፏን ከፍታ፣ ጥርሷን ደርድራ፣ ዝንብ የምትጠብቅ ነች።
ሾፌሩ ሮብሌ ነው ከጅቡቲ ወደብ ያመጣት፣
ከአንድ መርከበኛ እጅ፣ በሁለት ካርቶን ሲጋራ ለውጧት፤
በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ደወሌ ኬላ ላይ ሲፈትሹት፣
«ምንድን ነው?» ቢሉት፣ «ሰላጣ» ብሎ ነው ያሳለፋት።

እኔ ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ፤ ከዚራ፣ ከኒሞቹ ሥር፣
ሠላሳ ዓመት ብርድ እየሸጥኩ፣ ሙቀት ውስጥ የምኖር።
ለእሷ የሚሆን ውሃ፣ ጨው የሌለው፣ ድንጋይ የሌለው፣
ከባንኩ ጀርባ ነው ያገኘሁት፤ ከኤሲው ቱቦ የሚወርደው።
ጠብ... ጠብ... ጠብ... ከቀኑ ስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣
ጀሪካኔን ደግኜ፣ ከጥበቃው ከሸምሱ ጋር ስናወራበት፣
«ላብ ነው» ይለኛል፤ «ብር ቆጣሪዎቹ ያላቡት፤
እኔ ብሆን አልነካውም።»
እሷ ግን አደገችበት።

አፈር አትወድም። የመጀመሪያው ጥፋቴ ያ ነበር፤
ከመልካ ጀብዱ የአትክልት ማሳ፣ ፍግ የጠገበ ጥቁር አፈር፣
እንደ እንግዳ ባቀርብላት፣ ሥሯ በሳምንቱ ተቃጠለ፤
ጥጋብ የሚገድለው ፍጥረት፣ ለካ ከእኔም ሌላ አለ።
ዛሬ ቤቷ፣ ከአሮጌ ፍራሽ የፈለቀቅሁት የኮኮናት ቃጫ ነው፤
ቀቅዬ፣ ሰባት ጊዜ አጥቤ፣ ምንም ጣዕም የሌለው።

ተክል ሆኖ ሥጋ መብላት! አዴ ሩምያ አትሰማኝም፤
«ሸይጧን ነው» ትላለች፤ ግን በሬ ላይ ቆማ ሳታይ አታልፍም።
በማንጎ ወቅት (እኔ ማንጎ የምበላው በዓይኔ ነው)
ከሱቋ ደጃፍ ዝንቡ እንደ ጭስ ሲነሳ፣
አንዱን በክብሪት ቀፎ ይዛ መጣች፤ «በል ስጣት፣ ለዚች አንበሳ።»

ቆጣሪ ናት። ፀጉሯን አንድ ጊዜ ብትነኩ፣ ዝም፤
ሃያ ሳትቆጥሩ ሁለተኛ ብትነኩ፣ ግጥም!
ነፋስን ከዝንብ የምትለየው፣ በዚያች በሁለተኛዋ ነው፤
እኔ በአንዲት ንክኪ ብቻ፣ ስንት ጊዜ የተዘጋሁ ሰው።

የአዴ የልጅ ልጅ፣ ኢምራን፣ ከሳምቡሳው ሆድ ሥጋ ፈልቅቆ፣
አንድ ቀን አጎረሳት፤ ርቧት እንዳታድር ተጨንቆ።
ቅጠሉ ሦስት ቀን ታገለ፤ በአራተኛው ጠቆረ፣ ከረፋ፤
ልጁ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ገደልኳት?» ሲል ድምፁ ጠፋ።
«አንድ አፏን ብቻ ነው» አልኩት፤ «ስድስት ቀርቷታል፣ አትፍራ።»
ሄደ፤ ጫማውን እየጎተተ፣ በዚያ በስምንት ሰዓት ጠራራ።

ኅዳር ሲገባ ደግሞ መተኛት ትሻለች፤
ካልበረዳት አትተኛም፤ ካልተኛች ትሞታለች።
የድሬ ኅዳር ብርድ አያውቅም።
ስለዚህ ቅጠሏን ከርክሜ፣ በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ፍሪጅ አስገባኋት፤
ከቲማቲሙ በስተኋላ፣ ከኢንሱሊኔ ጎን አስተኛኋት።

ትናንት ሌሊት መብራት ጠፋ። ተነስቼ በሩን ያዝኩት፣
እንዳይከፈት ብዬ ነው፤ ማንም እንደማይከፍተው እያወቅሁት።
ሁለት ሰዓት ተኩል ቆምኩ፣ ግንባሬን በብረቱ አስደግፌ፤
ውስጥ እሷ አለች፣ መድኃኒቴ አለ፣ ምናልባትም እንቅልፌ።

ጠዋት ኢምራን በሩን መታ፤ «ነቃች?» አለኝ። «ገና ናት።»
«ስንት ቀን ቀራት?»
«እስከ የካቲት።»
በጣቶቹ ቆጥሮ፣ ጣት ሲያልቅበት፣ የእኔን እጅ ለመነኝ።
ያኔውኑ ሸምሱ ከባንኩ በር ደወለልኝ፦
«ጀሪካንህ ሞልቶ፣ ደረጃው ላይ እየፈሰሰ ነው፤
እኔ የተቀጠርኩት ለብር እንጂ ለውሃ አይደለም፤ ና ውሰደው!»